ሾፌሩ ጋሽ ነጂብ የተረጎሙት ካሴት

መጀመሪያ ይህ ይታወቅልኝ፤ በደርግ ጊዜ ከሸቤ ጅማ ቡና ያመላልሱ የነበሩት ሾፌር ጋሽ ነጂብ እንግሊዝኛ አያውቁም ነበር።

አሁን በሕይወት የሉም። ዛሬ ልጃቸው ሰሚራ የመኪናቸውን ካሴት ይዛ ጅማ ሄርማታ ሰፈር ካለው ቤቴ መጣች። ለማንም ሕግ አልገዛም ከሚሉት የአሜሪካ ካውንትሪ ዘፋኞች የአንዱ አልበም ነው።

«ይቺን ዘፈን አባዬ ሁልጊዜ ይተረጉምልን ነበር። ‹ወንድሜን ሲወስዱት በሬን ዘግቼ ቀረሁ› ነው የሚለው። እስቲ ሙሉውን ይጻፉልኝ፣ ቲቸር።»

(ከእንግሊዝኛ መምህርነት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የቤት ሥራ ሲሰጠኝ የመጀመሪያዬ ነው።)

ደጋግሜ አዳመጥኩ። ሰውየው የሚዘፍነው ስለ መጠጥና ትታው ስለሄደች ሚስቱ ነው። ወንድምም፣ በርም የለም።

ነገርኳት። «ወላሂ፣ አባዬ ሲቀልድብን ኖሯል!» ብላ ሳቀች።

ካሴቱን መልሳ ልትይዝ ስትል ግን፣ «ታዲያ እዚያ ጋ ሲደርስ ለምን እንባው ይመጣ ነበር? ወንድም እንደነበረው እኮ ነግሮን አያውቅም» አለችኝ።

ይህን የምጽፈው እሷ ፈቅዳ ነው።

በጋሽ ነጂብ ጋቢና የተሳፈራችሁ፣ ዘፈኑን ለእናንተስ እንዴት ተረጎሙላችሁ? የወንድማቸውን ስም ጠርተው ከሆነ፣ ሰሚራ እየጠበቀች ነውና እባካችሁ ዛሬውኑ ጻፉልኝ።