ለማጣራት ነው የደወልኩት

ሞጣ ውስጥ አንድ የማልወደው ሰው አለ። አልወደውም ስል አሳንሼ ነው፤ ስሙ ሲነሳ ቆሽቴ ያርራል። የቤተሰባችን የንስሐ አባት «ይቅር በይው» ይሉኛል። እኔም «እሺ አባ» እላቸውና ከግቢያቸው ሳልወጣ እረግመዋለሁ። ሰውዬው ጋዜጠኛ ነኝ ይላል። ጋዜጠኛ የሚያሰኘው አንድ ስልክ፣ አንድ ማይክራፎንና ብዙ ተከታይ ያለው ገጽ ነው።

እኔም የዚያው ሙያ ሰው ነኝ፣ ሙያ ከተባለ። ፀጉሬ የሸበተው ቢቸና፣ ኮሙኒኬሽን ቢሮ ተቀምጬ ስለ ተፋሰስ ሥራና ስለ ማዳበሪያ ስርጭት ዜና ስጽፍ ነው። አንድ ጊዜ ከየወረዳው ገጽ ያላቸውን ሰዎች ሰብስበን የሦስት ቀን ሥልጠና ሰጠን። ያ ሰውዬ ከፊት ወንበር ላይ ነበር። እኔ የምናገረውን አንድ ሳይቀር ደብተሩ ላይ ሲገለብጥ አይቼ ወድጄው ነበር፣ ወይ ሞኝነቴ! «ሰው ሞተ ብላችሁ ከመለጠፋችሁ በፊት ቤተሰቡን ጠይቁ፤ ሳታጣሩ እንዳትለጥፉ» ያልኩት እኔ ነኝ። በገዛ አፌ።

ወንድሜ የሞተው ሐሙስ ጠዋት ነው። ከአዲስ አበባ እየነዳ ሲመጣ መኪናው ተገለበጠ። መጨረሻ የደወለው ለእኔ ስለነበር ትራፊክ ፖሊሱም የደወለው ለእኔ ነው። አባታችን ሞጣ ብቻቸውን ይኖራሉ። እናታችን ካረፈች ወዲህ ከዚያ ልጅ ሌላ የሚያነሱት ወሬ አልነበራቸውም። ማታ ይገባል ብለው ይጠብቁታል።

እኛ ዘንድ መርዶ እንዲሁ በዘፈቀደ አይነገርም። ጎህ ሲቀድ የንስሐ አባትና የዕድር ሽማግሌዎች ተሰብስበው ይሄዳሉ። ጎረቤት ቀድሞ ያውቃል፣ ወንበሩም ድንኳኑም ተዘጋጅቶ ይቆያል፣ ሐዘንተኛውን የሚይዝ ሰው ከጎኑ ይቀመጣል። ከዚያ ነው የሚነገረው። እስከዚያ የሰማ ሁሉ አፉን ይዘጋል። ለአባባ የምፈልገው ይህንኑ ብቻ ነበር። ልጃቸውን መመለስ አልችልም፤ ሲሰሙ ግን ብቻቸውን እንዳይሆኑ።

ጥቁር ሳልለብስ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ደብረ ወርቅ ላይ አንዲት የምታውቀን ሴት ገብታ አጠገቤ ተቀመጠችና «ወንድምሽ እንዴት ነው?» አለችኝ። «ደህና ነው» አልኳት። ግንደወይን እስክትወርድ ድረስ እየሳቅሁ አጫወትኳት። ሞጣ ስደርስ ቤት አልሄድኩም፤ ፊቴ ያሳብቅብኛል። የንስሐ አባታችን ቤት ገብቼ ተደበቅሁ። ሽማግሌዎቹም መጡ። ነገ ጎህ ሲቀድ እንሄዳለን ተባባልን።

አስር ሰዓት ገደማ የአክስቴ ልጅ ስልኳን ይዛ እየሮጠች ገባች። የወንድሜ ፎቶ ነው። ከላዩ «አሳዛኝ ዜና» ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ «አባቱን በስልክ አነጋግረን አጣርተናል።» ድምፁንም ለጥፎታል። «ክፈችው» አልኳት።

«አባት፣ ልጅዎ በመኪና አደጋ ሞተ መባሉን ሰምተን ነበር፤ ለማጣራት ነው የደወልኩት» ይላል ያ ሰውዬ።

 ከዚያ አባባ «የእኔ ልጅ መንገድ ላይ ነው» ሲሉ ይሰማል። «ማታ ይገባል። ቁጥር ተሳስተህ ይሆናል፣ ልጄ።»

«እስካሁን አልነገሩዎትም ማለት ነው?»

ስልኩ እዚያ ላይ ይዘጋል።

የንስሐ አባታችን «ተይ ልጄ» እያሉኝ ጥያቸው ወጣሁ። ሰውዬው የሚሠራው ከአንድ ፎቶ ቤት ጀርባ ባለች ክፍል ነው። ሲያየኝ ተነሣና «እትዬ፣ እግዜር ያጥናዎት» አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

«ምን አደረግኸን አንተ?»

«ምን አጠፋሁ? ሳታጣሩ እንዳትለጥፉ ያሉን እርስዎ ነዎት። ሌላው ዝም ብሎ ይለጥፋል፤ እኔ ደወልኩ።»

«እያረዳሃቸው መሆኑ አልገባህም? የማን አገር ሰው ነህ?»

«እሱ ባህል ነው እትዬ፤ ይሄ ሙያ ነው።»

 እውነቱን ነው፣ ያልኩትን ነው ያደረገው፣ ያ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። ሥልጠናው ላይ ስለ መርዶ አንድ ቃል አልተናገርኩም፤ ለጎጃም ሰው ይህ ይነገራል እንዴ? ማይክራፎኑን አንስቼ ከግድግዳው ጋር አላተምኩትና «አውርደው!» ብዬ ጮህኩ። አወረደው። እያወረደም «እንግዲያው ሁለት ቃል ይስጡኝ፣ እንደ እህት» አለኝ። እንደ እህት! ኧረ ምን ዓይነት ጉድ ነው?

ከዚያ በኋላ ጎህን መጠበቅ ቀረ። ሽማግሌዎቹን ይዘን በእግራችን ወደ አባባ ቤት ሄድን። ጎረቤት አልተነገረውም፣ ድንኳን የለም፣ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። አባባ ግቢውን ጠርገው፣ አግዳሚዎቹን ከጓሮ እየጎተቱ አውጥተው፣ ለለቀስተኛ ደርድረዋል። ሐዘንተኛ የሚጠጣውን ውኃ እንኳ ራሱ በማይቀዳበት አገር፣ የልጃቸውን ለቅሶ ራሳቸው አሰናድተው ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል።

«ግቡ» አሉን። «ተቀመጡ። በሉ ንገሩኝ።»

የንስሐ አባታችን ሊናገሩ ጀመሩና እንባቸው ቀደማቸው። እኔ አባባ እግር ላይ ወደቅሁ። አላነሱኝም።

«አንቺ መቼ ሰማሽ?»

«ጠዋት።»

«ሞጣስ መቼ ገባሽ?»

«ስድስት ሰዓት ላይ።»

«የት ነበርሽ ታዲያ?»

«አባ ቤት። ነገ ጠዋት በወጉ ልንነግርዎ ነበር፣ አባባ።»

የንስሐ አባታችን ቤት ከአባባ ደጅ ቁጭ ላለ ሰው ይታያል። ወደዚያ ሲያዩ ቆዩና «ያ ሰውዬ እንኳ ደወለልኝ» አሉ።

ከዚያ ፊታቸውን ወደ ሽማግሌዎቹ አዙረው ልጃቸው እንዴት እንደሞተ ጠየቁ። ልይዛቸው ከጎናቸው ልቀመጥ ስል በእጃቸው ገፉኝ። አሟሟቱንም የሰሙት ብቻቸውን ተቀምጠው ነው።