የቀኙ የኋላ ጎማ

የእህቴ ባል ጀይሉ የካሚዮን ጎማ ፈትቶ የሚገጥም ሰው ነበር። መተማ ላይ የሱን ያህል እጅ ያለው አልነበረም፤ ይህን የምለው ስለሞተ አይደለም። በልጅነቱ የግመል ኮርቻ ይሰፋ ነበር፤ ኋላ ገዳሪፍ ተሻግሮ ከአንድ ሱዳናዊ መካኒክ ሥራ ተማረ። ዝምተኛ ነው። እኔ ሽኩር ደግሞ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ፤ አፌ ሥራ ፈቶ አያውቅም። በማውቀውም በማላውቀውም እፈርዳለሁ። የሐሚዳ ታላቅ ወንድም በመሆኔ ጀይሉ ሚስቱን የሚነካ ነገር ሲገጥመው ሳያማክረኝ አይጀምርም፤ በኛ ወግ አማች የታላቅን ቃል አያፈርስም።

በ1931 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ሐሚዳ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች ደም ይፈሳት ጀመር። አዋላጆቹ ከእኛ በላይ ነው አሉ። ሐኪም ያለው ጎንደር ነው። በዚያ ሰሞን ወደ ጎንደር የሚወጣው ደግሞ አንድ ካሚዮን ብቻ ነበር፤ የአንድ ጣሊያናዊ የመንገድ መሐንዲስ ንብረት። ጀርባው ላይ የእንጨት ቤት ተሠርቶለት መሐንዲሱ ከነአልጋው ከነምድጃው ይኖርበታል። አርጅቷል፤ የኋላ ጎማዎቹም ቅባት ያፈሱ ነበር። መሐንዲሱ ጀይሉን፣ "ዛሬ አብጅልኝና ሚስትህን አልጋዬ ላይ አስተኝቼ እወስድልሃለሁ" አለው። የፈቀደው አንድ አስታማሚ ነው። ጀይሉን የሚሠራበት የጣሊያን ጦር ሰፈር ጋራዥ ስለማይለቀው አስታማሚው እኔ ሆንኩ።

ከሰዓት በኋላ ሄጄ ሳየው የግራውን ጨርሶ የቀኙን ፈቷል። ጎማውን የሚያሽከረክረውን ኩሽኔታ በላምባ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ግራሶ የሚባለውን ወፍራም ቅባት በመዳፉ እየጨመቀ ሞልቶታል። የቀረው ቅባቱን የሚያግደው ቀለበት ነው። መለዋወጫ ስላልመጣ ቀለበቱን ራሱ ከበሬ ቆዳ ቆርጦ፣ ዘይት አጠጥቶ ሠርቶታል። አንዱ ፊቱ ቀጥ ያለ ነው፤ በሌላው ፊቱ እንደ ከንፈር የታጠፈ ስስ ጠርዝ አለው።

"ወንድም ጋሼ፣ ከንፈሩን ወዴት ባዞረው ይሻላል ይላሉ?" አለኝ።

አላውቅም ብል ምን ነበረበት! የዚያን ቀን አቧራው ዓይን አያስገልጥም፤ ሱቄ ውስጥ ያለውን ጣቃ ሁሉ አበላሽቶብኝ ተናድጄ ነበር የመጣሁት።

"ወደ ውጭ ነዋ! የዚህ አገር ጠላት አቧራ ነው። አቧራው እንዳይገባ ወደሱ አዙረህ ዝጋበት።"

ጀይሉ ቀለበቱን አገላበጠው። "ቅባቱሳ?" አለ ቀስ ብሎ።

"ቅባቱ የት ይሄዳል? አንተ ደግሞ!"

"እርስዎ ካሉ" አለና ከንፈሩን ወደ ውጭ አድርጎ፣ በእንጨት ዙሪያውን እኩል እየመታ አስገባው። ዝንፍ ሳይል ገጠመ። ሥራው ሲያምር አይቼ እኔ የሠራሁት ይመስል ኮራሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሐሚዳን አሳፈርናት። ጀይሉ እግሯን በነጠላ ጠቅልሎ፣ "አይዞሽ፣ ማታ ጎንደር ነሽ" አላት። ሸሕዲ የምትባለውን መንደር በደህና አለፍን። ዳገቱ ሲጀምር የተቃጠለ ቆዳ ሸተተኝ። ወርደን ስናይ የቀኙ የኋላ ጎማ ይጨሳል። ግራሶው ቀልጦ ወጥቶ ፍሬኑን አልብሶታል፤ ኩሽኔታው ደርቆ፣ ነዶ፣ ከብረቱ ጋር ተጣብቋል። የግራውን በእጄ ዳሰስኩት። ውጪው ደረቅ ነው፤ የቅባት ጠብታ አልወጣውም።

ሌላ መኪና ይመጣል ብለን ጠበቅን። አልመጣም። ሐሚዳ ውኃ ለመነችኝ። ከዚያ "ጀይሉ መጣ?" አለችኝ። ዐሥር ሰዓት ላይ አረፈች። የሸሕዲ ሙስሊሞች አግዘውኝ ከነልጇ እዚያው ቀበርናት።

መተማ ስመለስ ጀይሉ ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር። ፊቴን አይቶ ዐወቀ። "የትኛው ጎማ ነው?" አለኝ።

"የቀኙ።"

ዞሮ ቤቱ ገባ።

ለቅሶ ላይ አክስታችን ዘሊካ በሰው ሁሉ ፊት፣ "በገዛ እጅህ ገደልካት!" ብለው ጮኹበት። አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። አሁን ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። ጀይሉ አንገቱን እንደ ደፋ፣ "እጄ ስቶ ነው" አለ። ያ ሥራ ፈቶ የማያውቀው አፌ የዚያን ቀን ተዘጋ።

ከዚያ ወዲህ የገጠመውን ጎማ ሁሉ መልሶ ፈትቶ ሳያይ አይሰጥም ነበር። ጣሊያን መተማን ለቅቆ በሄደ ሰሞን ጀይሉን ወባ ጣለው። ብቻችንን ስንሆን እንደምንም ደፍሬ፣ የግራውን እንዴት አድርጎ እንደ ገጠመው ጠየቅሁት።

"ከንፈሩን ወደ ቅባቱ አዙሬ ነዋ። ቅባቱ ሲገፋው ብረቱን አጥብቆ ይይዛል። መጀመሪያ የሚያስተምሩን ይህንኑ ነው።"

"ታዲያ እያወቅህ ለምን ጠየቅኸኝ?"

"ወንድሟ አይደሉ? ለአክብሮት ነው የጠየቅሁዎ። ከመለሱልኝ ወዲያ ቃልዎን እንዴት ላፍርሰው?"

በሦስተኛው ቀን ሞተ። ዛሬም ሰው ስሙን ሲያነሣ፣ "ደግ ሰው ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ሚስቱን እጁ ስቶ ገደላት" ይላል። እኔም አብሬ ተቀምጬ እሰማለሁ።