የእናቴ ቡችላ ሰው ሲለምድ

እናቴን ሰው አይወዳትም፤ እሷም ሰው አትወድም፤ እኩል ናቸው። «አመል ያወጣል ከመሐል» የሚባለው ለእሷ የተተረተ ይመስለኛል። እቤት ቁጭ ብላ ደንብ ልብስ ትሰፋለች፤ የጥበቃ ካፖርት፣ የነርስ ጋውን፣ የተማሪ ሸሚዝ። ደንበኛ ሲለካ ሆዱን ከሳበ «ተንፍስ! ሆድህን ከማን ትደብቃለህ?» ትለዋለች። ስፌቷ ግን እንከን የለውም፤ ስለዚህ እየተሰደቡም ይመለሳሉ።

አምና ሳንባዋን ታማ ሆስፒታል ተኝታ ወጣች። ሐኪሙ እስክትጠነክሪ ከሰው ጋር ንክኪ ቀንሺ፣ እንግዳም አይግባብሽ አላት። ሌላ ሰው ቢሆን ያዝናል። እሷ እንደተሾመ ሰው ደስ አላት። ደንበኞች ጨርቁን ደረጃው ላይ ጥለው እንዲሄዱ አዘዘች። እኔም ከመድኃኒት ቤት ሥራዬ ስመለስ እጄን ታጥቤ፣ ልብሴን ቀይሬ፣ ከጠረጴዛው ማዶ እንድቀመጥ ተፈረደብኝ።

ቡችላውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ብቻዋን ስለምትውል ያጫውታት ብዬ። «አንድ በሽተኛ አንሶሽ ሌላ ጨመርሽ?» ብላ ተቀበለችኝ። ወር ሳይሞላ ግን እግሯ ሥር ካልተኛ የስፌት መኪናዋን አትነካም ነበር። እኔ ሳመሽ ስልክ አትደውልልኝም፤ የእሱ ሥጋ ካለቀ ግን ሥራ ቦታ ድረስ ትደውላለች።

አከራያችን ከእኛ በታች ባለው ቤት ነው የምትኖረው፤ ጩኸቷም ከእናቴ አያንስም። ከደረጃው ግርጌ ሆና «እናትሽ ሲሻላት መጥቼ ያንን ውሻ አየዋለሁ! ሰው የነከሰ ቀን ይወጣል!» አለችኝ። የእንስሳት ሐኪሙን ብጠይቀው፣ ቡችላ በልጅነቱ ብዙ ዓይነት ሰው ካላየ ሲያድግ ከፍርሃት የተነሳ ይናከሳል አለኝ። ካፖርቱን፣ ዣንጥላውን፣ ከዘራውን ሁሉ ይልመድ፤ ባየ ቁጥር የሚወደውን ስጡት አለ። እንግዲህ ሰው በማይገባበት ቤት ሰው ከየት ይምጣ?

እናቴ አልተቸገረችም። «ሰው ማለት ልብስ ነው፤ ልብስ ደግሞ እቤታችን ሞልቷል» አለች።

የጥበቃ ካፖርት ደርባ ከመኝታ ቤት ብቅ ትልና «ማነህ አንተ? መታወቂያ!» ብላ ትጮኽበታለች፤ ወዲያው ቁራጭ ሥጋ ትወረውርለታለች። ጋውን ለብሳ «ወረፋህን ጠብቅ! ጆሮ የለህም?» ትለዋለች፤ ደግሞ ሥጋ። ዣንጥላ ዘርግታ አከራያችንን ትሆናለች። ሲደክማት መስኮቱ ላይ ታቅፋው ትቀመጥና አላፊ አግዳሚውን ታስተዋውቀዋለች። «ያቺን አየሃት? ሰርቃ የምትሸሽ ነው የምትመስለው። ያንን ደግሞ እየው፣ ኮቱ ውስጥ ጠፍቷል።» እኔም ከዘራ ይዤ፣ ኮፍያ ደፍቼ «ዞር በል ከመንገዴ!» እለዋለሁ። የእሷው ልጅ አይደለሁ? ሌላ ሰው ሆነን ስንመጣ ሁልጊዜ እየተቆጣን እንደምንመጣ ሁለታችንም ልብ አላልንም።

ሐኪሙ እናቴን ድነሻል ባለ ሰሞን አከራያችን ባሏን አስከትላ መጣች። ባልየውን ጎረቤቱ ሁሉ ዝምታው ይለዋል፤ ሲናገር ጆሮህን አፉ ድረስ ካልወሰድክ አይሰማም።

«የታለ ይሄ ውሻ!» ብላ አከራያችን በሩ ላይ አንባረቀች። ቡችላው እየተንከባለለ መጥቶ ሆዱን ሰጣት። እናቴ በኩራት አየችኝ። ከዚያ ዝምታው ጎንበስ ብሎ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ቀስ ባለ ድምፅ «ና እስቲ የኔ ልጅ» አለው። ቡችላው ጆሮውን ጣለ፣ ወደ ኋላ አፈገፈገ፣ ዘሎም መዳፉን ነከሰው።

«ዛሬውኑ ይውጣ!» አለች አከራያችን።

እናቴ የምትሰድበው አጣች። ሕይወቴን ሙሉ እንዲህ ሆና አይቻት አላውቅም፤ ጠረጴዛውን ይዛ ቆመች።

ዝምታው እጁን በመሐረብ እየጠቀለለ ሁለታችንንም ተራ በተራ አየን። «ፈርቶ ነው። እዚህ ቤት ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው አለ?» አለ። ሚስቱን ለምኖ ጥቂት ጊዜ አሰጠን፤ ዳግመኛ እንደሚመጣም ነገረን።

ከዚያ በኋላ እናቴ ልስላሴ መማር ጀመረች። መጀመሪያ ሰሞን ቀስ ስትል የምትዝት ነበር የሚመስለው። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ግን በሩ ላይ የማላውቀው ድምፅ ሰማሁ። «ደከመህ የኔ ጌታ? እሰይ፣ ና ጭኔ ላይ ጋደም በል።» እንግዳ የመጣ መስሎኝ ነበር። ስገባ እሷ ናት፤ ውሻው ጭኗ ላይ ተኝቷል። ቆሽቴ አረረ።

«ለእኔ እንዲህ ብለሽኝ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«አንቺ ሰው ነክሰሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

ለልምምዱ ከውጪ የሚገባ ሰው ያስፈልግ ስለነበር ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። በየቀኑ በሩን ከፍቼ እቆማለሁ፤ እሷ ከስፌት መኪናው ቀና ብላ በዚያ ድምፅ «መጣሽ የኔ ልጅ? ውጪው ብርድ ነው አይደል?» ትለኛለች። እኔም በለሆሳስ መልሼላት ለውሻው ሥጋ እሰጠዋለሁ። «ለውሻው ብዬ ነው፣ ሌላ እንዳይመስልሽ» ትለኛለች። «እኔስ ለማን ብዬ መሰለሽ?» እላታለሁ።

ዝምታው እንዳለው መጣ። ጎንበስ ብሎ ጠራው። ውሻው አሸተተው፣ ትንሽ አቅማማ፣ ከዚያ ያችኑ የነከሳትን መዳፍ ላሰ። አከራያችን እያጉረመረመች ወረደች፤ ውሻው ቀረልን።

በማግስቱ ከሥራ ተመልሼ በሩን ከፈትኩ። እናቴ ከስፌት መኪናው ቀና አለች። እኔም ደጃፉ ላይ ቆሜ ያንን ድምፅ ጠበቅሁ።

«ምን ይገትርሻል?» አለችኝ። «ግቢና ሽንኩርት ክተፊ።»

ውሻው ጅራቱን ቆላ። እኔም ገብቼ ከተፍኩ።