ጥቁሯ መኪናዬና የፋሲካው ገል

መደርደሪያው ባዶ ነው። የቀረበት ያረጀ ካርቶንና የደረቀ ሙጫ ሽታ ብቻ ነው፤ እሱ በሸተተኝ ቁጥር እበግናለሁ። ትናንት ልጄ ኦሪት ከሰፈሯ ከኪርያት ሀሻሮን መጥታ ቤቴን ለፔሳህ፣ ለፋሲካችን፣ ስታጸዳ፣ ከሹኩ፣ ከገበያው፣ አሮጌ ዕቃ ሻጭ አንድ አንድ እያልኩ ለዓመታት የለቀምኳቸውን የመጫወቻ መኪኖቼን ከቆሻሻ ጋር ጣለቻቸው። በፊልም የታወቁ መኪኖች ናቸው፣ ያልተገጣጠሙ፣ ጎማቸውም በራቸውም በፕላስቲክ ዘንግ ላይ እንደ ወይን ዘለላ የተንጠለጠለ፣ ከራሷ ከኦሪት በዕድሜ የሚበልጡ። ብቆጣ፣ «አባ፣ ዳይ፣ በቃ! ፕላስቲክ እኮ ነው፤ አዲስ እገዛልሃለሁ» አለችኝ።

ይህን ነገር ድሮም ሰምቼዋለሁ።

እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ልጅ ሳለሁ አንድ የገበያ ቀን ማሰሮ ተሸክመን ጎንደር ወርደን፣ አመሻሹ ላይ በኖራ በተቀባ ግድግዳ ላይ ፊልም ሲያሳዩ፣ ሌቦች የሚሸሹባት ጥቁር መኪና ድልድይ ስትዘል አየሁ፤ እናቴ ግን በመጨረሻ ማሰሮዋ ዋጋ እየተከራከረች ጀርባዋን ሰጥታ ነበር። በማግስቱ ከጭቃዋ ቆንጥሬ መኪናዋን ሠራሁ፣ ከእንስራዎቹ ጋር በእሳት አስተኮስኳት፣ ጥላሸት ቀባኋት። ሆዷ ክፍት ስለነበር ቆሎ እየጫንኩ ስነዳት እውል ነበር።

ጉድ የሠራኝም ቆሎው ነው። በእኛ በቤተ እስራኤል ፋሲካ ሲደርስ እህል የነካ ሸክላ ሁሉ ተሰብሮ አዲስ ይሠራል። አባቴ መኪናዬን አንስቶ ሆዷን አየና፣ «ይቺም ስትበላ ከርማለች» ብሎ ከድስቱ ጋር ድንጋይ ላይ ፈጠፈጣት። ጎረቤቶቹ ሳቁ። እኔ ገሉን አቅፌ መሬት ላይ ስንከባለል እናቴ፣ «ዝም በል የኔ አካል፣ አዲስ እሠራልሃለሁ» አለችኝ።

ሠራችም። ፊልሙን መቼ አይታ! ሆዷን እንደ ጋን ነፋችው፣ አራት እግር አቆመችላት፣ ግራና ቀኝ ጆሮ አወጣችላት። «ይቺ መኪና ናት? ላም ናት እንጂ!» ብዬ አጥር ሥር ጣልኳት፤ ዝናብ ሲጠራቀምባት ከረመ። በዓመቱ ፋሲካ አባቴ ሊሰብራት ሲያነሳት እናቴ ቀስ ብላ፣ «ተዋት፣ እህል አልነካትም» አለችው። ሳልጫወትባት መክረሜን እንዳየች ያኔ እንኳ አልገባኝም። ወደ እስራኤል ለመሄድ በሱዳን ስንወጣ ላሟ እዚያው አጥር ሥር ቀረች፣ እናቴም መንገድ ላይ ቀረችብኝ። ይኸው እርጅና ድረስ መኪና ስለቅም ኖርኩ፤ ያቺን ጥቁሯን የመሰለች አንድም አላገኘሁም፤ በአባቴ ከተናደድኩት ይልቅ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ያ «ላም ናት» ያለ አፌ ነው።

ዛሬ ኦሪት አዲሷን ይዛ መጣች። ቀይ ናት፣ የምታብለጨልጭ፣ ተገጣጥማ ያለቀች፤ ጥቁር እንኳ አይደለችም። «ይቺ መኪና ናት?» የሚለው ምላሴ ላይ ደረሰና ዋጥኩት። አላመሰገንኳትም፤ ቁጣዬ አልበረደማ። ብቻ ባዶው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኳት። ፔሳህ ይለፍ እንጂ፣ ቆሎ እጭንባታለሁ።