የትምህርት ቤታችን አንድ ጋዋን

ባለፈው ቅዳሜ ወልቂጤ ቤቴ ግቢ ውስጥ የልጅ ልጄ ነጭ ጋዋን ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቶ አየሁ። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ትማራለች፤ ጋዋኗን እንደ ማንኛውም ልብስ ከካልሲዋ ጋር ዘፍዝፋ ታጥበዋለች። ነፋሱ እጅጌውን ብድግ ሲያደርገው ቀናሁ። የልጅ ልጅ ያየች ሴት በጨርቅ ትቀናለች ወይ ብትሉኝ፣ አዎ፣ ትቀናለች። እኔን ቅናት የጀመረኝ ገና በልጅነቴ ነው። እናቴ ስትቀልድብኝ "ፀዳለ እንደተወለደች መጀመሪያ የጠየቀችው ጎረቤት ምን እንደወለደች ነው" ትል ነበር።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ቡታጅራ ነበር። ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ የመጨረሻዎቹ ዓመታት መሆናቸውን ያኔ ማን ያውቃል። ሰባተኛ ክፍል ሳለን ትምህርት ቤታችን ላቦራቶሪ ሊከፍት ነው ተባለ። ክፍሉ ቀድሞ የእህል መጋዘን ስለነበረ የእስፒሪቱ ሽታ ከአሮጌ ጤፍ ሽታ ጋር ተደባልቆ በሩ ላይ ይቀበለን ነበር። በገበያ ቀን ደግሞ ነፋሱ የበርበሬ ብናኝ ይዞ በመስኮት ይገባና ሁላችንንም ያስነጥሰናል። እናቴ በርበሬ ነጋዴ ስለነበረች፣ ልጆቹ ባስነጠሱ ቁጥር ዞረው የሚያዩት እኔን ነበር።

አስተማሪ ክንፈ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ሳይጨርስ ለአንድ ዓመት አገልግሎት ከአዲስ አበባ የተላከ ቀጭን ወጣት ነበር። የብርጭቆ ዕቃዎቹን ገለባ በታጨቀበት ሣጥን ይዞ መጣ፤ አንዱም አልተሰበረበትም። ከትምህርቱ በፊት ያስተማረን ደንቡን ነው። ሰፊ ካርቶን ላይ በቀይ ቀለም ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጠፈው፦ አትሩጡ፣ አትቅመሱ፣ አፍንጫችሁን ጠርሙስ ላይ አትድፉ፣ ፀጉራችሁን እሰሩ፣ ነጠላ ደርባችሁ አትግቡ፣ አሲድን ወደ ውሃ እንጂ ውሃን ወደ አሲድ አትጨምሩ። እኔ በአማርኛም በእንግሊዝኛም በአንድ ቀን ሸመደድኩት። በመሸምደድ የሚያህለኝ አልነበረም።

ትምህርት ቤቱ የነበረው ጋዋን አንድ ብቻ ነው። አስተማሪ ክንፈ ከመሀላችን አንድ የላቦራቶሪ አለቃ እንደሚመርጥ፣ ጋዋኑንና የበሩን ቁልፍም ለዚያ ልጅ እንደሚሰጥ ነገረን። አለቃው በር ላይ ቆሞ ማን ደንቡን አሟልቶ እንደመጣ ያያል፤ ጥንቃቄ የጎደለውን ይመልሳል። ያን ቀን ምሳ አልበላልኝ አለ። ጋዋኑን በሐሳቤ ለብሼ፣ እጄን ኪሱ ውስጥ ከትቼ፣ በገበያው መሀል በእናቴ ጆንያዎች አጠገብ ሦስት ጊዜ አልፌያለሁ።

ፈተናው አንድ ጥያቄ ነበር፦ ውሃን ወደ አሲድ የማንጨምረው ለምንድን ነው? እጄን ቀድሜ አወጣሁና ደንቡን በእንግሊዝኛ ትንፋሽ ሳልወስድ ወረድኩት። አስተማሪ ክንፈ "ጎበዝ። ግን ለምን?" አለኝ። ለምን የሚለው ካርቶኑ ላይ አልነበረም። 

ከኋላ ራህመት እጇን አወጣች። ራህመት ከመስቃን ገጠር በእግሯ የምትመጣ፣ እናቷ ቅቤ ነጋዴ የሆነች ዝምተኛ ልጅ ነበረች። አማርኛዋ ከቤቷ ቋንቋ ጋር እየተደናቀፈ ስለሚወጣ ብዙ ጊዜ አትናገርም። "እናቴ ቅቤ ስታነጥር፣ የጋለው ቅቤ ላይ ውሃ ጠብ ካለ ፊት ድረስ ይፈናጠራል" አለች። "ቅቤው ሰፊ ውሃ ውስጥ ጠብ ቢል ግን ምንም አይልም። አሲዱም እንደዚያ መሰለኝ።"  አስተማሪ ክንፈ ጋዋኑን ከምስማሩ አውርዶ ሰጣት።

ወደ ቤት የገባሁት እያለቀስኩ ነው። እናቴ በርበሬ እየለቀመች ምን እንደሆንኩ ስትጠይቀኝ "እኔ በእንግሊዝኛ መለስኩ፣ እሷ በቅቤ መለሰች፤ ለእሷ ሰጣት" አልኳት። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ኋላ ግን ሳቋን ሰብስባ "የሰው ወርቅ አያደምቅ፤ ተዪው ልጄ" አለችኝ። እኔ ግን ጋዋኑ የኔ፣ የነጠቀችኝም ራህመት መስሎ ታየኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት መከራዬ ነበሩ። ጋዋኑ ከጉልበቷ በታች ይወርዳል፤ እጅጌውን ሦስት ጊዜ አጥፋው ነበር የምትለብሰው። በሳምንቱ መጨረሻ መንደሯ ወስዳ አጥባው ስትመጣ ከበፊቱ ይልቅ ነጥቶ አየዋለሁ። በር ላይ ቆማ "ፀዳለ፣ ነጠላሽን አውልቂና ግቢ" ትለኛለች፣ በዝግታ። ኩራት ቢኖርባት ስም አወጣላት ነበር፤ ኩራት አለመኖሩ አንጀቴን አሳረረው። የእጅ ጽሑፏ አያምርም እላለሁ፣ እንግሊዝኛዋን ሰርቄ እየሰማሁ ስህተቷን እይዛለሁ። አስተማሪ ክንፈ "ራህመት እያለች አልሰጋም" ባለ ቁጥር ቅጥል እላለሁ።

እንዲህ እያልን ፋሲካ ደረሰ። ሁለት ወር ሙሉ ቅቤ ያላየ ራሴን እናቴ ሹሩባ ካሠራችኝ በኋላ በለጋ ቅቤ ደፈነችው። ቅቤውን የገዛችው ደግሞ፣ ዕጣዬ ነውና፣ ከራህመት እናት ነው። በዓሉ አልፎ ትምህርት ስንገባ ሹሩባዬን በሻሽ ጫፍ ጠፍሬ አስሬ፣ ቅቤው በማጅራቴ እየወረደ ላቦራቶሪው በር ላይ ቆምኩ። ራህመት ራሴን አየች፤ ጠጋ ብላም አሸተተች። "ቅቤ ነው። ዛሬ እሳት አለ፤ ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀመጪ" አለችኝ።

"የት ተጽፏል?" አልኳት። ካርቶኑን በጣቴ እያሳየሁ መስመር በመስመር ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ፀጉራችሁን እሰሩ ይላል፤ ታስሯል። ቅቤ የሚል ቃል የለበትም። ራህመት እስክጨርስ ጠበቀችኝና "አልተጻፈም። ቅቤ ግን ይነዳል" አለች። ልጆቹ ሳቁ። አስተማሪ ክንፈ ከኋላዬ መጥቶ ኖሮ "አለቃዋ እሷ ናት፤ ያለችሽን አድርጊ" አለኝ። ኋላ አግዳሚ ላይ ብቻዬን ተቀምጬ የሰው ጀርባ ሳይ ዋልኩ። በቅቤ ስሸነፍ ሁለተኛዬ ነበር።

ቀናተኛ ሰው የሚቀናበትን ሰው ውሎ ከራሱ ውሎ አብልጦ ያውቃል። ራህመት እኩለ ቀን ላይ ጋዋኑን አውልቃ ከበሩ ኋላ ምስማር ላይ እንደምትሰቅለው፣ ቆልፋ ቦኖው ጋ ፊቷንና እጅ እግሯን ታጥባ ውዱእ አድርጋ የቀትሩን ሰላት፣ ዙህርን፣ እንደምትሰግድ አውቃለሁ። ያን ቀን ተመልሳ የምታጥበው ብርጭቆ ስለነበራት በሩን ገርበብ አድርጋው ብቻ ሄደች። ስትርቅ ጠብቄ ገባሁ።

ጋዋኑን ከምስማሩ አወረድኩት። ሳሙና ሳሙና ይሸታል። አንድ እጄን ላስገባ ስል ማጅራቴን ነካሁ፤ ጣቴ ቅቤ በቅቤ ሆነ። ያን የመሰለ ነጭ ነገር ላበላሸው አልቻልኩም፤ ጠርዙን ብቻ ይዤ አግዳሚው ላይ ዘረጋሁት። እንግዲህ መልበሱ ከቀረ፣ ቢያንስ ሐሰተኛነቷን አይቼ ልውጣ አልኩ። የእስፒሪቱን መብራት ለኮስኩ። የታሰረ ፀጉር ቅቤ ቢኖረውም ምንም እንደማይሆን ለካርቶኑ ልመሰክርለት ራሴን ዝቅ አድርጌ ወደ ነበልባሉ ጠጋ አልኩ።

ቅቤው ሙቀቱ ሲነካው ቀልጦ ጠብ አለ። ነበልባሉ ዘለለ። መጀመሪያ የሰማሁት ጆሮዬ አጠገብ የተንጣጣ ድምፅ ነው፤ ከዚያ የሚያርር ፀጉር ሽታ መጣ። ጮህኩ። ዓይኔ የውሃውን ባልዲ ሲያይ ዘልዬ ያዝኩት፤ ራሴ ላይ ልደፋው ስል ራህመት ፊቷ እንደረጠበ ገብታ "ውሃ አይደለም!" አለችና ባልዲውን በእግሯ ገፋችው። ቀጥሎ ዓለም ነጭ ሆነብኝ። ጋዋኑን ከአግዳሚው አንስታ ራሴ ላይ ጥላው፣ በሁለት እጇ ጭምቅ አድርጋ ይዛኝ ነበር። እሳቱ እስኪታፈን አልለቀቀችኝም።

ስትገልጥልኝ የግራ ሹሩባዬ ግማሽ ሄዷል፣ የጆሮዬ ጫፍ ተለብልቧል። ጋዋኑ መሀሉ ላይ መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ ወጥቶለት፣ ዙሪያው በቅቤና በጥላሸት ጠቁሯል። የራህመት መዳፍ ቀልቷል። አስተማሪ ክንፈ ጩኸቱን ሰምቶ ሲሮጥ ገባ፤ እሱም አትሩጡ የሚለውን ደንብ ረሳው። ጆሮዬን አይቶ ደህና መሆኔን ካረጋገጠ በኋላ ጋዋኑን አነሳ። "ምን ልትሠሪ ገባሽ?" አለኝ።

እውነቱን ብናገር እባረራለሁ ብዬ ፈራሁ። አባቴ ሴት ልጅ ስድስተኛ ክፍል ይበቃታል ባይ ነበር፤ ከትምህርት ቤት የሚያስቀረኝ ሰበብ ነው የሚጠብቀው። "በሩ ክፍት ነበር" አልኩ። ውሸት አልነበረም። አስተማሪ ክንፈ ወደ ራህመት ዞረ። ራሷን አልተከላከለችም፣ እኔንም አልከሰሰችም። "አዎ፣ ሳልቆልፍ ሄድኩ" አለችና ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ሰጠችው። ከዚያ በኋላ አለቃ አልነበረም። ቁልፉን እሱ ራሱ ይይዘው ጀመር።

በማግስቱ ካርቶኑ ሥር አንድ መስመር ተጨምሮ አገኘን፦ ቅቤ የተቀባ ፀጉር ይዞ እሳት አጠገብ መቅረብ ክልክል ነው። አስተማሪ ክንፈ ደንቡ የራህመት መሆኑን ለክፍሉ ተናገረ። እመኑኝ፣ በዚያችም ቀናሁ። የነደደው የኔ ፀጉር ሆኖ ደንቡ በእሷ ስም ሄደ ብዬ ተብከነከንኩ።

ራህመት ስምንተኛ ክፍልን ጨርሳ ቀረች፤ የእናቷን የቅቤ ንግድ ያዘች። እኔ ተምሬ ወልቂጤ ውስጥ የሳይንስ አስተማሪ ሆንኩ። ጋዋን እስኪሰለቸኝ ለበስኩ። በየዓመቱ መጀመሪያ ቀን ደንቡን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ የቅቤዋን መስመር መጨረሻ ላይ አልተዋትም ነበር። ተማሪዎቹ ይስቃሉ። ከየት እንዳመጣሁት ሲጠይቁኝ የጆሮዬን ጠባሳ አሳያቸዋለሁ እንጂ የራህመትን ስም ጠርቼ አላውቅም።

ቅዳሜ ያን ጋዋን ገመድ ላይ ካየሁ በኋላ እንቅልፍ አጣሁና ሰኞ ተሳፍሬ ቡታጅራ ወረድኩ። ራህመት ሱቋ ውስጥ ቅቤ ፊት ተቀምጣለች፤ ወፍራለች፣ ዓይኗ ግን ያው ነው። ሠርግና ለቅሶ ላይ ስንገናኝ ሰላም እንባባል ነበር፤ ይህን ነገር ግን አንስተነው አናውቅም። "ያኔ ቁልፉን ያስነጠቅኩሽ እኔ ነኝ፤ በሩ ክፍት ነበር ብዬ ሌላውን ዋጥኩት" አልኳት።

"ክፍትማ ነበር" አለች እየሳቀች። "ፀጉርሽ ግን ደህና በቀለልሽ?" ሻሼን ገለጥ አድርጌ ሽበቴን አሳየኋት። ቅቤውን በቢላዋ እየከፈለች "ጋዋኑን እንደፈለግሽው አውቅ ነበር" አለችኝ። "ጠይቂኝ ብዬ ጠብቄሻለሁ። ብትጠይቂኝ አለብስሽ ነበር።"

 ዛሬ የልጅ ልጄ ላቦራቶሪ ውስጥ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ጋዋን አለው፤ መነጽሩም ጓንቱም አለ፤ ማንም የማንንም አይመኝም። ያኔ ለሁላችን የነበረው አንድ ነው። ያንን አንድ እኔ ቅቤ እንዳይነካው ሳስቼ አግዳሚ ላይ ዘረጋሁት፤ እሷ ሳታመነታ እሳት ላይ ጣለችው። የነደደው የእሷ ራስ ቢሆን ኖሮ፣ እጄን ከመዘርጋቴ በፊት መጀመሪያ ነጭነቱን አይ ነበር ብዬ እፈራለሁ።

ራህመት ቅቤ በኮባ ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ ገንዘብ አልቀበልም አለች። ጭኔ ላይ ይዤው ወልቂጤ እስክገባ ድረስ ቀናሁባት።