እየተራመዱ ሰላምታ

ወንድም ጋሼ የስኳር በሽታ እንደማይነካው እርግጠኛ ነበር። ለምን ሲባል ደረቱን ነፍቶ ይመልሳል፦ «እኛ እኮ ቡና በጨው የምንጠጣ የወለጋ ሰዎች ነን። ስኳር በየት በኩል ይገባል?»

«እኛ» ሲል ሳቄ ይመጣል። አባታችን ከጉራጌ አገር መጥቶ ነቀምቴ የሰፈረ ነጋዴ ነበር። እኔና ወንድሜ ግን እዚሁ ተወልደን፣ እዚሁ አፍ ፈትተን፣ ቡናውንም በጨው መጠጣት ከጎረቤት ለምደን ነው ያደግነው። ይህን የጨው ነገር ደግሞ እሱ ብቻ አይደለም የሚለው። የገበያችን ሰው ግማሹ ስኳር በሽታን ሻይ አጣፍጦ የሚጠጣ የአዲስ አበባ ሰው በሽታ ያደርገዋል። በጨው የሚጠጣ ሰው ነፃ ነው፤ አለቀ። ወንድሜ በቀን ሁለት ሦስት ጠርሙስ ለስላሳ ሲያወርድ ግን አይቆጥረውም። ስለጠማው ነው። ጥሙ ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም።

እኔ ግን እጠይቅ ነበር። ሱቆቻችን ፊት ለፊት ናቸው፤ እሱ ቆርቆሮና ምስማር ይሸጣል፣ እኔ ጨርቅ። ስለዚህ ከጠረጴዛዬ ሆኜ ሁሉን አያለሁ። ውሃ ይጠጣል፣ ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ሽንት ቤት ይሄዳል፣ ተመልሶ ውሃ ይጠጣል። ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በምስማር ሲበሳም አይቻለሁ። አባታችንንም እንዲህ ነበር የጀመረው። በኋላ እግሩ ላይ ቁስል ወጣ፣ ቁስሉ አልድን አለ፣ እግሩ ተቆረጠ፣ ከዚያም ብዙ አልቆየም። ሐኪም ቤት በጀርባው አዝሎ ያመላልሰው የነበረው ወንድም ጋሼ ነው። አባታችን ሲያርፍ ትምህርቱን ትቶ ሱቁን የያዘው፣ እኔን ያስተማረኝ፣ የዳረኝም እሱ ነው። እሱን ማጣት አልፈልግም ነበር፤ ነገሩ ይኸው ነው።

«ተመርመር» ስለው «አንቺ ልጅ፣ ጨርቅሽን ለኪ» ይለኛል። «እሺ፣ ትንሽ እንኳ ተንቀሳቀስ» ስለው ደግሞ ባጃጅ ይጠራል። ከቤቱ እስከ ሱቁ ብጣራ የሚሰማኝ ርቀት ነው፤ ያችኑ በባጃጅ ነበር የሚመላለሳት።

የከተማው ጤና ባለሙያዎች የስኳር በሽታ ዘመቻ ጀመሩ ሲባል፣ ከየሱቅ መደዳው ቀስቃሽ ሲፈለግ፣ ማንም ሳይጠቁመኝ እጄን አወጣሁ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። እሑድ ጠዋት ሕዝቡ ባኬ ጃማ ከሚባለው ሰፈር ተነሥቶ እስከ ስታዲየሙ ፈጠን ብሎ ይራመዳል፤ እዚያ በተተከለው ድንኳን ጣቱን እየተወጋ የደም ስኳሩን በነፃ ይለካል። ነጭ ካናቴራም ተሰጠን። የእኔ እስከ ጉልበቴ ይደርሳል።

የመጀመሪያው እሑድ ጉድ ነበር። ከሌላ ከተማ የመጣው የስፖርት አሠልጣኝ ድምፅ ማጉያውን ይዞ «ፈጠን! ፈጠን! ልባችሁ ይምታ!» ይላል። ማን ይፈጥናል? እሑድ ጠዋት የነቀምቴ ሰው በሙሉ ወደየቤተክርስቲያኑ ሲሄድ መንገድ ላይ ነው። በእኛ ከተማ ደግሞ ሰውን እጅ አውለብልቦ ማለፍ ስድብ ነው። «አካም ቡልተኒ?» ብሎ ማደሩ ይጠየቃል፤ ከዚያ ቤቱ፣ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ የታመመ አማት ካለም እሷ። ይህ ሁሉ እስኪያልቅ የተጨባበጠ እጅ አይላቀቅም። ፊት ያለው ሲቆም የኋላው ይጋጫል፤ የኋላውም እስከዚያው የራሱን ዘመድ አግኝቶ ይቆማል። ስታዲየሙ ስንደርስ ፀሐዩ ከሮ ነበር፣ የማንም ልብ በፍጥነት አልመታም። አሠልጣኙ ላቡን እየጠረገ ወደ እኔ መጣና «እነዚህ ሰዎች ሁሉ ዘመዳሞች ናቸው?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት። ምን ልበለው?

ድንኳኑ ጋ የተመረመረውም ጥቂት ሰው ነው። ወንድሜ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ስንመለስ ጠበቀኝና «አረፋፍዳችሁ መጣችሁ፤ ሩጫ ነው ወይስ ለቅሶ?» ብሎ ሳቀብኝ። በጣም ተናደድኩ።

በማግስቱ ስብሰባ ላይ አሠልጣኙ «በጉዞው ላይ ሰላምታ ይቅር» የሚል ሐሳብ አቀረበ። ከመካከላችን አንዲት ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነበሩ፤ በየመንደሩ ያላዋለዱት ልጅ የለም፣ ሰው ሁሉ «አዴ» እያለ ነው የሚጠራቸው፤ በኦሮምኛ እንደ «ወይዘሮ» ያለ የክብር መጠሪያ ነው። እሳቸው ነጠላቸውን አስተካከሉና ተናገሩ፦

«ልጄ፣ ሰላምታማ አይቀርም። ነገር ግን ሰላም የሚለን ሰው አብሮን ይሂድ። እጁን ይዘን እንራመዳለን፤ ሰላምታው ሲያልቅ እንለቀዋለን። ቶሌ?»

«ቶሌ!» አልን ሁላችንም፤ እሺ ማለታችን ነው።

የሚቀጥለው እሑድ ያየሁትን እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ያስቀኛል። እግራችን አይቆምም፣ እጃችን አይለቅም። ዳቦ ሊገዛ የወጣ ሰውዬ ስለ ከብቶቹ እየመለሰ ከነዳቦው ተጓዘ። በግ እየጎተተ ወደ ቤቱ ይሄድ የነበረ ደግሞ ከነበጉ ዞሮ አብሮን ሄደ። የኋላው የፊቱን ሰው ሰላም ለማለት ፍጥነት ይጨምራል። አሠልጣኙ ዝም ብሎ ድምፅ ማጉያውን ብብቱ ውስጥ ሸጎጠ፤ አያስፈልግም ነበር።

በሱቆቻችን በኩል ስናልፍ ወንድም ጋሼ እጁን አጣምሮ፣ ነጠላ ጫማውን እንዳደረገ፣ ሊሳለቅብኝ ተዘጋጅቶ በሩ ላይ ቆሟል። አዴ አዩት። የእሱን ልጆች በሙሉ ያዋለዱት እሳቸው ናቸው። ከሰልፉ ወጣ ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

«ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ አካም ቡልተ? ቤት ነጋ፣ ሰላም ነው? ልጆቹስ ነጋ?»

በሁለት እጁ ጨበጣቸው፣ ጎንበስም አለ። «ነጋ፣ ነጋ፣ ዋቃፍ ገላታ፤ እግዜር ይመስገን። እርስዎስ አዴ?»

«ደህና ነኝ። ትልቋ ልጅህ ትምህርቷን እንዴት ያዘች?» እያሉ መራመድ ጀመሩ። እጁ በእጃቸው ነው፤ ምን ያድርግ? ተራመደ።

«ጥሩ ይዛለች፣ አዴ። ሱቁ ግን ክፍት ነው...»

«ጎረቤት ያይልሃል። ያ ሲወለድ በእግሩ የመጣው፣ ያስጨነቀንስ ልጅ? ቁመቱ ስንት ደረሰ?»

እኔ አፌን በነጠላዬ ጫፍ ይዤ ከኋላቸው እከተላለሁ። አማቱን ጠየቁት፣ የአማቱን ጉልበት ጠየቁት፣ ገጠር ያለውን ያማቱን ላም ሳይቀር ጠየቁት። ሰላምታው ያለቀው ድንኳኑ በር ላይ ነው።

አዴ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጡና ጣታቸውን ለነርሷ ሰጡ። ከዚያ ቀና ብለው ወንድሜን አዩት። እሱ የለመደውን ጀመረ፦ «አዴ፣ እኔ እኮ ቡና በጨው...»

«እኔም በጨው ነው የምጠጣው» አሉት። «ስኳር ግን አለብኝ። ከያዘኝ ቆየ። ሲኒው ውስጥ ያለውን አያይም ይኼ በሽታ፤ ደም ውስጥ ነው ያለው። ይኼ የእኔ ልኬት ነው፣ ያንተን መለካት አለመለካቱን አንተ ታውቃለህ። አልጎትትህም።»

እውነትም እጁን ለቀቁት። መሄድ ይችል ነበር። ወንድሜ አዴን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ተቀመጠና ጣቱን ዘረጋ።

ነርሷ መሣሪያውን አየችና ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ በዝግታ አናገረችው። ቃሏን አልሰማሁም፤ የእሱን ፊት ግን አየሁ። ወደ እኔ ዞሮ «እንደ አባባ» ብቻ አለ። እጁን ያዝኩት፣ ጣቱ ላይ ያለችው ጥጥ በመሃላችን ወደቀች።

በማግስቱ ሆስፒታል አብሬው ሄድኩ። ሐኪሟ ከሁሉ በፊት «ጫማህን አውልቅ» አለችው። ውስጥ እግሩ ላይ ቁስል ነበር፤ ቁስሉ ውስጥ ደግሞ የቆርቆሮ ስንጣሪ። ከሱቁ ወለል የገባ ነው። መቼ እንደገባ አያውቅም።

«አላመመኝም እኮ» አለ፣ እንደ ማስተባበያ።

«ችግሩም አለማመሙ ነው» አለችው። «ስኳሩ ስሜትህን ወስዶታል። ትንሽ ብትቆይ ኖሮ የምንነጋገረው ስለ ቁስሉ ሳይሆን ስለ እግሩ ነበር።»

እኔ እዚያው ወንበር ላይ አለቀስኩ። ፍርሃቱም፣ ንዴቱም፣ «ደረስንበት» የሚለውም ሁሉ አንድ ላይ ነበር የወጣው።

ቁስሉ እስኪድን እንዳይራመድ ተከለከለ። መድኃኒቱን ጀመረ፣ ለስላሳውን ተወ። ቁስሉ ሲደርቅና ሐኪሟ ስትፈቅድለት መራመዱን ያዘ፤ ያኔ ደግሞ የሚቻል ሰው አልሆነም። የሰው ሰሃን ውስጥ እየተመለከተ «ይኼ ሁሉ ዳቦ ለአንድ ሰው ነው?» ይላል። ከቤት ሱቅ በእግሩ፣ ከሱቅ ቤት በእግሩ። የሰፈራችን ባጃጅ ነጂዎች «ደንበኛችንን ወሰድሽብን» ብለው ከሰሱኝ። በምስማር የበሳውን ቀበቶ ትቶ አዲስ ገዛ፤ የከሳው ፊቱም ተመለሰ።

ሐኪሟ በመጨረሻ ውጤቱን አይታ «ጎሽ! እንዲህ ነው እንጂ!» ያለችው ቀን ኮሪደሩ ላይ እልል አልኩ። ጥበቃው «እዚህ ሕሙማን አሉ፣ እናቴ» ብሎ ተቆጣኝ። ይቆጣ! አንድ ጊዜ ደግሜ ነው የወጣሁት።

ዘመቻው ወደ ሌሎቹ የወለጋ ከተሞች ሲሰፋ፣ ወንድሜ ራሱ ጠይቆ ኑኑ ቁምባ ድረስ አብሮን መጣ። ሚኒባሱ ውስጥ አሠልጣኙ አጠገብ ተቀምጦ መንገዱን ሁሉ ምክር ይሰጠዋል። የገበያ ቀን ነበር። ሰዉ ለምርመራ እየተሰለፈ ሳለ፣ አንድ ግዙፍ የእህል ነጋዴ ጆንያዎቹ መሃል እንደተቀመጠ «እኔን ተዉኝ» አለ። ብንለምነው፣ ብናስረዳው፣ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስኳር አለብህ ካሉ በኋላ እግር ነው የሚቆርጡት፤ አይቻለሁ» አለ።

ወንድም ጋሼ መጥቶ ፊት ለፊቱ ካለው ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ስለ አባታችን እግር ቤታችን ውስጥ እንኳ አንድ ቀን ተናግሮ የማያውቅ ሰው ነው። ጫማውን አወለቀ። ካልሲውን አወለቀ። ሁለቱን እግሮቹን ዘርግቶ በገበያው ሁሉ ፊት አስቀመጣቸው።

«የአባቴን ቆርጠዋል» አለ። «ሳይመረመር ቆይቶ ነው። እኔ ተመርምሬ ደረስኩበት። ይኸው፣ ቁስሉ እዚህ ጋ ነበር። ንካው። ይኸው፣ ሁለቱም አሉ።»

ሰው ከበበን። ነጋዴው ጎንበስ ብሎ የደረቀውን ጠባሳ በአውራ ጣቱ ነካ፤ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ጉልበቱን ይዞ ተነሣና «ድንኳኑ የት ነው?» አለ።

ወንድሜ በባዶ እግሩ ሊከተለው ሲነሣ፣ «ጫማህን አድርግ፣ አንተ ሰውዬ! ባዶ እግር አይሆንም ተብለሃል!» ብዬ ጮህኩበት። ገበያው ሳቀ። እሱም ሳቀና ተመልሶ ተቀመጠ። እንባዬ እየወረደ ቆሜ አየሁት። የግራውን አጥልቆ ክሩን አሰረ። ከዚያም የቀኙን አሰረ።