ያልሰጠኋቸው ሁለት ውርወራዎች

ደብረ ታቦር የስፖርት መምህር ሳለሁ በከተማው ሌላ የቅርጫት ኳስ ዳኛ ስላልነበረ የራሴን ትምህርት ቤት ጨዋታ ሳይቀር የምዳኘው እኔ ነበርኩ። አንድ ዓመት የሴቶቹ የፍጻሜ ጨዋታ የእኛን ልጆች ከእብናት ልጆች ጋር አገናኘ።

ሊያልቅ ግማሽ ደቂቃ ያህል ሲቀረው የእኛዎቹ በአንድ ነጥብ ይመሩ ነበር። ከእኛ ልጆች አንዷ የእብናቷን ሰባት ቁጥር ገፍትራ ጣለቻት። ፊሽካዬን ነፋሁና እብናቶች ኳሱን ከጎን እንዲያስገቡ አዘዝኩ። ሰባት ቁጥር ራሷ ወረወረች፤ ኳሱ ከጓደኛዋ እጅ አምልጦ ወደ ውጭ ወጣ። ይሄኔ ነጥብ የምትመዘግበው የሒሳብ መምህርት ጠራችኝ።

«የእኛ ቡድን አምስተኛ ጥፋት እኮ ነበር» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ልጅቷ ሁለት የቅጣት ውርወራ ይገባት ነበር።»

እውነቷን ነበር፤ ቆጠራው ጠፍቶብኛል። ደንቡ ግን እንዲህ ያለውን ስሕተት ጨዋታው ከቀጠለ በኋላም ኳሱ መጀመሪያ ሲወጣ፣ እንደገና ወደ ጨዋታ ሳይገባ ማረም ይፈቅዳል። ኳሱ ደግሞ ብብቴ ሥር ነበር። ሜዳውን የከበቡት ተማሪዎቼ ናቸው፤ ርእሰ መምህሩም ከፊት ተቀምጠዋል። አፈርኩ።

የእብናቱ አሰልጣኝ፣ ጸጉራቸው የሸበተ መምህር፣ ተነስተው መጡ። «ውርወራ አይገባንም ነበር?» አሉኝ።

«ይገባችሁ ነበር። ግን የማረሚያው ጊዜ አልፏል» ብዬ ዋሸኋቸው።

«ደንቡ ከሆነማ ምን ይደረጋል» ብለው ተመለሱ። መዝጋቢዋ ቀና ብላ አየችኝና መልሳ መዝገቧ ላይ አቀረቀረች።

በዚያችው አንድ ነጥብ አሸነፍን። ስወጣ ሰባት ቁጥር ግድግዳ ተደግፋ ታለቅሳለች። «ምን አስቸኮለሽ? አይተሽ አትወረውሪም?» ይሏታል ጓደኞቿ። ሰምቼ አለፍኩ።

በሳምንቱ ቅዳሜ በሚኒባስ እብናት ወረድኩ። ልጆቹ አቧራማው ሜዳቸው ላይ ይለማመዱ ነበር። አሰልጣኙን አስፈቅጄ በሁሉም ፊት የሆነውን አንድ በአንድ ተናገርኩ።

ሰባት ቁጥር፣ «ቲቸር፣ ያኔ ያውቁ ነበር?» አለችኝ።

«አውቅ ነበር።»

ኳሷን ይዛ ወደ ሜዳው ዳርቻ ሄደች። ጓደኞቿ አንድ በአንድ ተከተሏት። አሰልጣኙ እስከ መናኸሪያው ሸኙኝ። «መምጣትህ ጥሩ ነው» አሉኝ፣ «ልጅቷ ግን ሳምንቱን ሙሉ ትምህርት ቤት አልመጣችም ነበር፤ ዛሬ ገና መውጣቷ ነው።»

ለውድድሩ ኃላፊዎች ደብዳቤ ጻፍኩ። ውጤቱ ጸድቋል፣ አይለወጥም አሉ። ዋንጫው እኛው ዘንድ ቀረ፤ የራሳችንን ጨዋታ መዳኘት ግን ተውኩ። በዓመቱ የእብናት ልጆች ሲመጡ ከባሕር ዳር የመጣ ዳኛ ነበር የሚዳኘው። ሰባት ቁጥር እጁን ጨብጣ ሰላም አለችው። እኔ አጠገቡ ቆሜ እጄን ዘረጋሁ፤ አላየችኝም፤ ወይም አይታ አልፋኛለች።